እቴጌ ጣይቱ በሚስትነታቸው

ከግቢያችን በር ወጥተን ወደ ሰሜን ቀና ስንል የእንጦጦ ጋራ ይታየናል። ሰማዩ የጠራ ዕለት ቦሌ መንገድ ላይ ሆኖም ይታያል። እዚያ ጋራ ላይ፣ ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት በመበለትነት ኖረዋል። በትምህርት ቤት ስለ እሳቸው የተማርነው ውጫሌንና ዓድዋን ነው። መማራችን ደግ ነው። ዛሬ ግን ማየት የፈለግነው ሚስትነታቸውን ነው፤ ምክንያቱም የወደቁት በሚስትነታቸው ሰበብ ነው ብለን እናምናለን።

ጣይቱ ከምኒልክ በፊት ትዳር አይተዋል፣ ያውም አንዴ ብቻ አይደለም። ንጉሥ ምኒልክም እንደዚያው። በሚያዝያ 1875 ዓ.ም. አንኮበር መድኃኔ ዓለም ሲጋቡ እንግዲህ ሁለቱም ትዳር ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በሰማንያ ቢጋቡ ኖሮ በሽማግሌ ፊት መፋታት ይቻል ነበር። እነሱ ግን ቆረቡ። የቁርባን ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ከሞት በቀር የሚፈታው የለም። ይህንን ልብ በሉልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ልጅ አልወለዱም። አልጋ ወራሽ በሚጠበቅበት ቤተ መንግሥት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቁርባን ባይኖር ኖሮ ለሌላ ሴት ቦታ ልቀቂ የሚላቸው አይጠፋም ነበር። ሆኖም ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ በሁለተኛው ቀን ጣይቱም እዚያው የእቴጌነት ዘውድ ደፉ።

እንጦጦ ብርድ ነው፣ ማገዶውም እያለቀ ሄዶ ነበር። እቴጌይቱ ፍል ውሃውን ወደዱትና ወደ ታች ወርደው ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው። እኛ ጠዋት ጠዋት መገናኛ ላይ ለታክሲ የምንጋፋባት ከተማ እንግዲህ የተነሣችው አንዲት ሚስት ብርድ ስለሰለቻት ነው ማለት ይቻላል። (መምህሮቻችን ይህን አባባል ካልወደዱት ይቅርታ!)

የባልና የሚስቱ ጠባይ ለየቅል ነበር። ምኒልክ ለስላሳ፣ ነገር የሚያሳድሩ፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ናቸው። ጣይቱ ቆራጥ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በጣልያንኛው ኢትዮጵያን ጥገኛ እንደሚያደርጋት በታወቀ ጊዜ አንቶኔሊን ፊት ለፊት የተጋፈጡት እሳቸው ናቸው። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣልያኑን ምሽግ ውሃ ያስያዘውም ዘዴ የእሳቸው ነው ይባላል። ባልየው ሊሉት የከበዳቸውን ሚስቲቱ ይሉላቸዋል፤ ባል የሰው ፍቅር ያተርፋል፣ ሚስት ጥላቻውን ትሸከማለች። እንዲህ ያለ ቤት በየሰፈራችን አለ አይደል?

ጣጣው የመጣው ምኒልክ ሲታመሙ ነው። ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሕመሙ እየበረታባቸው ሄደ፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንደገና ሲመታቸው መናገር እንኳን ተሳናቸው። ጣይቱ አስታመሙ። ግን የታመመው ሰው ንጉሥ ነው፤ እሱን ማስታመም ማለት ደብዳቤውን መቀበል፣ ሹመቱን መስጠት፣ ትእዛዙን ማስተላለፍ ጭምር ነበር። ሌላ ሴት ባሏ ሲታመም ጎተራውን ትጠብቃለች። የእሳቸው ጎተራ አገር ሆነና ቁጣ አመጣ።

እውነቱን ለመናገር መኳንንቱ የተቆጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። እቴጌይቱ ዘመዶቻቸውን በጋብቻ ገመድ ያስተሳስሩ ነበር። የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ጉግሣን ለዘውዲቱ ምኒልክ፣ የራስ ወሌን የልጅ ልጅ ሮማነወርቅን ደግሞ በ1901 ዓ.ም. ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ አጋቡ። ልጆቹ ፈለጉም አልፈለጉ። የራሳቸውን ትዳር ራሳቸው የመረጡ ሴት የሌሎቹን እንደ ቼዝ ጠጠር ማንቀሳቀሳቸው እኛን ቅር ብሎናል፤ ወጣቶች ነንና አይፈረድብንም።

በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ተማክረው ከሥልጣን አወረዷቸው። ፍርዱም ከእንግዲህ በመንግሥት ሥራ ሳይገቡ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ የሚል ነበር። እኛ ይህን ስናነብ ተያየን። ታዲያ እስከዚያ ቀን ሲሠሩ የነበሩት ምን ነበር? ቅጣት ተብሎ የተሰጣቸው ቀድሞውንም ይዘውት የነበረውን ሥራ ነው።

ጣይቱ ግን አኩርፈው ወደ ዘመዶቻቸው አልሄዱም። ሥልጣኑ ሲቀር፣ ደጅ የሚጠናው ሰው ሲጠፋ፣ ከማይናገር ሰው አልጋ አጠገብ ከሦስት ዓመት በላይ ቆዩ። ለሥልጣን ብቻ ነው የተጠጉት ለሚል ሰው እኛ የምናሳየው እነዚያን ዓመታት ነው። በአንኮበር የቆረቡት ቁርባን የተፈተነው ያኔ ነው።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ተደበቀ። እቴጌይቱ ባላቸውን እንደ ወጉ አደባባይ ወጥተው ማልቀስ እንኳን ሳያገኙ ከግቢ ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ። በ1909 ዓ.ም. መስከረም የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ስትነግሥም እዚያው ነበሩ። በኋላ ጎንደር ሄደው ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ጠየቁ፤ አልተፈቀደም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉና መጀመሪያ እንጦጦ ተቀበሩ። ኋላ ግን አፅማቸው ወርዶ ታዕካ ነገሥት በዓታ አረፈ፤ ከምኒልክ ጎን።