ለባቄላው ጠንቅ ወገን ስም ያወጣው ሐኪም

በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው ደጋ ባቄላ የሚያመርቱ ገበሬዎች ቆርምድ የሚሉትን በሽታ ጠንቅቀው ያውቁታል። የባቄላውን ቅጠልና አገዳ እያሳበጠ የሚያቆራምደው ይህ ጠንቅ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአካባቢው ከባድ ጉዳት አድርሷል። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ የሚመደብበት ወገን ግን ስም ያገኘው ከ190 ዓመት በፊት ነው። ስሙን ያወጣለትም ጀርመናዊው ሐኪምና የዕፀዋት ተመራማሪ ካርል ፍሪድሪክ ቪልሄልም ቫልሮት ነበር።

ቫልሮት እ.ኤ.አ. በ1792 ሃርዝ በተባለው ተራራማ አገር ተወለደ። በሃሌና በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና ከተማረ በኋላ በኖርድሃውዘን ከተማ በሐኪምነት ሠራ። ከሕሙማኑ በሚተርፈው ጊዜ ሌላው ሰው አልፎት የሚሄደውን የድንጋይ ሽበት፣ ሻጋታና በቅጠል ላይ የሚወጣ እባጭ እየሰበሰበ ይመረምር ነበር።

በዚያ ዘመን የቅጠል እባጭ ተክሉ ራሱ ሲታመም የሚያወጣው ቁስል ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። ቫልሮት ግን እ.ኤ.አ. በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ ከእነዚህ እባጮች አንዳንዶቹን ራሱን የቻለ የፈንገስ ወገን አድርጎ መዘገበ፤ ስሙንም ፊሶደርማ አለው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የተነፋ ቆዳ እንደማለት ነው። የሸዋ ገበሬ ቆርምድ ሲል፣ ቫልሮትም ፊሶደርማ ሲል፣ ሁለቱም ስሙን ያወጡት ዓይናቸው ካየው ነው።

ቫልሮት እ.ኤ.አ. በ1857 አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1882 ሌላ የፈንገስ ወገን ለመታሰቢያው ቫልሮቲየላ ተብሎ ተሰየመ።

የቆርምድ መንስኤ መጀመሪያ የተሰጠው ስም ሌላ ነበር። ጃፓናዊው ኩሳኖ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ኦልፒዲየም ነው ተብሎ ለዓመታት ታመነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ግን የኢትዮጵያን ባቄላ የሚያጠቃው ፊሶደርማ መሆኑን አሳየ። ይህ የስም ለውጥ ብቻ አይደለም። ጠላቱ በስሙ ካልታወቀ የት እንደሚደበቅና በምን እንደሚዛመት አይታወቅም፤ መድኃኒቱና የሚቋቋመው የባቄላ ዝርያም በግምት ይፈለጋል።

የፊሶደርማ ወገን የሆነ ፈንገስ ጠንካራ ዘሩን በታመመው ተክል ውስጥ ይሠራል። ተክሉ ሲደርቅና ሲበሰብስ ዘሩ በገለባና በአፈር ይከርማል። ዝናብ ሲያረጥበው በውኃ የሚዋኙ ጥቃቅን ዘሮችን ለቅቆ ለጋውን ተክል ይይዛል። ስለዚህ ባቄላን ከገብስና ከስንዴ ጋር ማፈራረቅ፣ የታመመውን ቅሪት ከማሳ ማስወገድ፣ ከታመመ ማሳ ዘር አለመያዝ ይገባል። የአንዱ ማሳ ጠንቅ ለጎረቤቱም ስለሚተርፍ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሥራውን በጋራ እንዲሠራ ቢያስተባብሩ ጥቅሙ የሁሉም ነው።