የደረጃ በደረጃ ሙያ ጠባቂ፤ የኮሎኔል አሎይስ ፖድሃይስኪ ሕይወት

አሎይስ ፖድሃይስኪ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1898፣ ያን ጊዜ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችውና ዛሬ የቦስኒያና ሄርጼጎቪና ከተማ በሆነችው በሞስታር ተወለዱ። አባታቸው የጦር መኮንን ነበሩ። እርሳቸውም የአባታቸውን መንገድ ተከትለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረሰኛ ጦር አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1918 ንጉሣዊው መንግሥት ሲፈርስም ከሙያቸው ሳይለዩ በአዲሲቱ የኦስትሪያ ሪፑብሊክ ሠራዊት ውስጥ ቀጠሉ። ይሁን እንጂ ስማቸው በዓለም የታወቀው በጦር ሜዳ ሥራቸው ሳይሆን፣ በቪየና ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘውን የእስፓኝ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ከጥፋት በማዳናቸው ነው።

ይህ ትምህርት ቤት ከ1572 ጀምሮ በመዛግብት ይታወቃል። የእስፓኝ መባሉም የፈረሶቹ ዘር ከዚያ አገር በመምጣቱ ነው። ዛሬ በስሎቬኒያ በምትገኘው በሊፒጻ ከ1580 ወዲህ የተራቡት እነዚህ ፈረሶች በቦታው ስም ሊፒዛነር ይባላሉ። እስከ ዛሬ የሚሠራበት ታላቁ አዳራሽም ከ1729 እስከ 1735 ባለው ጊዜ ታነጸ። ትምህርት ቤቱን ከሌሎች የሚለየው ግን የሕንፃው ውበት ወይም የፈረሶቹ ንጣት ሳይሆን ሰው የሚሠለጥንበት ሥርዓት ነው።

አዲስ የሚገባው ተማሪ ኤሌቭ ይባላል። በመጀመሪያ የሚቀመጠው ሥራውን ጠንቅቆ በሚያውቅ አሮጌ ድንጉላ ላይ ነው። አሠልጣኙ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ በክብ ያስኬደዋል፤ ተማሪው ግን እርካብ አይረግጥም፣ ዛብም አይጨብጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዛብ ተንጠልጥሎ ሚዛኑን የሚጠብቅ ሰው የፈረሱን አፍ ያቆስላል፣ ከፈረሱም ጋር መነጋገር አይችልም። ስለዚህ አካሉ ያለ እጅ ድጋፍ መቀመጥን እስኪለምድ ድረስ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይሻገርም። ከዚያ በኋላ በሠለጠኑ ፈረሶች ላይ እየተቀመጠ ከእነርሱ ይማራል።

ወደ ዕጩ ጋላቢነት ደረጃ ሲያድግ ያልሠለጠነ ወጣት ድንጉላ ይሰጠዋል። ይህን ፈረስ በራሱ ድካም እስከ ከፍተኛው የትርዒት ደረጃ ሲያደርስ ብቻ ጋላቢ ተብሎ ይሾማል። በዚህ ቤት የብቃቱ ማረጋገጫ የሠለጠነው ፈረስ ራሱ ነው። ጋላቢው ከረጅም አገልግሎት በኋላ ዋና ጋላቢ ይሆንና በበኩሉ ተማሪዎችን ይቀርጻል። ከኤሌቭነት እስከ ጋላቢነት ያለው መንገድ አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል።

ፖድሃይስኪ ወደዚህ ቤት የመጡት እ.ኤ.አ. በ1933፣ በ35 ዓመታቸው ነው። ያን ጊዜ ልምድ ያላቸው የፈረሰኛ መኮንን ነበሩ። ነገር ግን ማዕረጋቸው ከመማር አላገዳቸውም፤ በፖላክ፣ በጽሩስትና በሊንደንባወር እጅ ሠለጠኑ። ሦስቱም ሙያውን ከቀደምቶቻቸው የተቀበሉ ዋና ጋላቢዎች ነበሩ። ፖድሃይስኪ እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ኔሮ በተባለው ፈረሳቸው በድሬሳዥ ውድድር የነሐስ ሜዳሊያ አገኙ።

እ.ኤ.አ. በ1938 ኦስትሪያ ከናዚ ጀርመን ጋር ስትቀላቀል ትምህርት ቤቱም በጀርመን ጦር ሥር ገባ። በ1939 ፖድሃይስኪ የዚያው ጦር መኮንን ሆነው ዲሬክተርነቱን ተረከቡ። በ1942 የጀርመን ባለሥልጣኖች የእርባታውን ባዝሮች ከፒበር ወደ ቦሄሚያ፣ ወደ ሆስታው አዛወሯቸው። በ1945 መጀመሪያ ቪየና በአየር ስትደበደብ፣ የሶቪየት ጦርም ሲቃረብ፣ ዲሬክተሩ ድንጉሎቹን በባቡር አሳፍረው በላይኛው ኦስትሪያ ወደምትገኘው ሳንክት ማርቲን አሸሿቸው። መኖ ጠፍቶ ሰውም በተራበበት በዚያ ወቅት የፈረሶቹ ሕይወት በየዕለቱ ያሰጋ ነበር።

አካባቢው በአሜሪካ ጦር እጅ ሲገባ ፖድሃይስኪ ሊያቀርቡት የቻሉት መከራከሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሥራው ራሱ። እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 1945፣ የጀርመን ጦር እጁን ለመስጠት በፈረመበት ዕለት፣ በጄኔራል ጆርጅ ፓተን ፊት ትርዒት አሳዩ። ፓተን የፈረሰኛ መኮንንና በ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሊምፒክ በዘመናዊ ፔንታትሎን የተወዳደሩ ሰው ነበሩ። ፖድሃይስኪ በትርዒቱ ፍጻሜ ትምህርት ቤቱን በጥበቃቸው ሥር እንዲወስዱላቸው ለመኗቸው፤ ጄኔራሉም እሺ አሉ። በሆስታው የነበሩትን ባዝሮች ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች ቀደም ብለው፣ በኤፕሪል መጨረሻ፣ ይዘዋቸው ነበር።

ዋልት ዲስኒ በ1963 ለሕዝብ ያቀረበው ፊልም ይህን ታሪክ በነጫጭ ፈረሶች መዳን ዙሪያ ተርኮታል። ከ1945 በኋላ የተሠራው ሥራ ግን የዚያን ያህል አልተነገረለትም። ፈረስ በባዝራ ይተካል፤ ጋላቢ ግን የሚተካው በጋላቢ ብቻ ነው። ዋና ጋላቢዎች የእጃቸውን ዕውቀት ሳያስረክቡ ቢበተኑ ኖሮ የተረፉት ፈረሶች ያማሩ እንስሳት ብቻ ሆነው በቀሩ ነበር። ስለዚህ ፖድሃይስኪ ትምህርት ቤቱ በስደት በቬልስ ከተማ በቆየባቸው ዓመታት ሥልጠናው እንዳይቋረጥ ተጣጣሩ። በ1950 ጋላቢዎቻቸውንና ፈረሶቻቸውን ይዘው በአሜሪካና በካናዳ ትርዒት አሳዩ። በ1955 የውጭ ጦር ኦስትሪያን ለቅቆ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ በቪየና ወደሚገኘው አዳራሹ ተመለሰ።

ፖድሃይስኪ በ1960ዎቹ አጋማሽ ጡረታ ወጥተው የፈረስና የፈረሰኛ አሠለጣጠንን የሚያስረዳ ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያም በሌላ መጽሐፋቸው በዘመናቸው የጋለቧቸውን ፈረሶች መምህሮቼ ብለው አወሷቸው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1973 በ75 ዓመታቸው በቪየና አረፉ።

የጠበቁት መሰላል ከእርሳቸው በኋላም ቆሟል። በ2008 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌቭነት ገቡ፤ በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ የትምህርት ቤቱን ጥበብ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አሰፈረው። ዛሬም አዲስ የሚገባ ተማሪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ያለ እርካብና ያለ ዛብ በአሮጌ ድንጉላ ላይ ተቀምጦ ይጀምራል። ማንኛውም ሙያ ሕንፃውና መሣሪያው ቢተርፍለት እንኳ፣ አንዱ ለሌላው በትዕግሥት የሚያስረክበው የዕውቀት ደረጃ ከተቋረጠበት ስሙ ብቻ ይቀራል። ኮሎኔሉ በአስጨናቂ ዘመን የጠበቁት ይህን ደረጃ ነበር።