ከመንደር ሹምነት እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት፦ የገበሬው ቪንሰንቲ ቪቶስ ታሪክ

«የታላላቅ ሰዎች ሕይወት» በሚለው አምዳችን ዛሬ ከወደ ፖላንድ አንድ ገበሬ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አዎ፣ ገበሬ! በግቢያችን አንዳንድ ልጆች ሲጣሉ ገበሬ ወይም ባላገር እየተባባሉ ሲሰዳደቡ እሰማለሁ። አባቴም አያቴም ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ ይሄ ቃል ለምን ስድብ እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ይህን ሰው የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪንሰንቲ ቪቶስ የተወለደው በጃንዋሪ 1874 ነው። መንደሩ ቪየዥሆስዋቪጼ ይባላል። ለመጥራት ምላስ ያሳስራል፤ እኔም ደጋግሜ ነው የለመድኩት። መንደሩ ታርኑፍ ከምትባል ከተማ አጠገብ ይገኛል። ያን ጊዜ ፖላንድ የሚባል አገር በካርታ ላይ አልነበረም። ሦስት ጎረቤቶቿ ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተከፋፍለዋት ስለነበር ሕዝቡ 123 ዓመት ያለ መንግሥት ኖሯል። የቪቶስ መንደር የደረሰው ለኦስትሪያ ነበር።

ወላጆቹ በጣም ድሆች ነበሩ። መሬታቸው አንድ ሄክታር ያህል ብቻ ስትሆን የሚኖሩትም በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ቪቶስ ትምህርት ቤት የገባው አሥር ዓመት ሲሆነው ነው። የተማረውም በመንደሩ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ እኛ ሰባተኛ ክፍል ያለነው ከእሱ የበለጠ ተምረናል ማለት ነው! ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። ሳንጉሽኮ በተባሉ መሳፍንት ጫካ ውስጥ ከአባቱ ጋር እንጨት ይቆርጥ ነበር። ግን ማንበብ አላቆመም። ያገኘውን መጽሐፍና ጋዜጣ ሁሉ ያነብ ነበር። በ19 ዓመቱ ደግሞ «የሕዝብ ወዳጅ» ለሚባል የገበሬዎች ጋዜጣ መጻፍ ጀመረ። እኛ የሚኒ ሚዲያ አባላት በዚህ ደስ ሊለን ይገባል፤ የፖለቲካ ሕይወቱ የጀመረው በእስክሪብቶ ነውና።

በ1895 የገበሬዎችን ፓርቲ ተቀላቀለ። በ1908 ጋሊሺያ ለሚባለው ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ተመረጠ። በ1909 ደግሞ የመንደሩ ሹም ሆነ። የመንደር ሹም ማለት እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ያለ ሥልጣን ነው። መንገድ ማሠራት፣ ውሃ የሚያቁረውን እርሻ በቦይ ማጠንፈፍ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ማስታረቅ የመሳሰለው ነው። ቪቶስ ለመንደሩ መንገድ አሠራ፤ ገበሬዎች የሚሰበሰቡበት የሕዝብ ቤትም እንዲሠራ አደረገ። በ1911 ደግሞ ቪየና በሚገኘው የኦስትሪያ ፓርላማ ገባ። እዚያ ብዙ ጠበቆች፣ ፕሮፌሰሮችና ባላባቶች ነበሩ። ቪቶስ ግን በመካከላቸው ቦት ጫማ አድርጎ፣ ያለ ክራቫት ይቀመጥ ነበር። በሕይወቱ ሙሉ ክራቫት አላሰረም ይባላል። ብዙዎች ያሾፉበት ነበር፣ እሱ ግን አልተቀየረም።

በ1918 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ፖላንድ እንደገና ነጻ አገር ሆነች። ቪቶስ በዚያ ዓመት ፒያስት የተባለው የገበሬዎች ፓርቲ መሪ ሆነ። ክራኮቭ ከተማ ላይ ሥልጣኑን ከኦስትሪያ የተረከበውን ኮሚቴም መርቷል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። በ1920 የበጋ ወራት የሶቪየት ጦር ወደ ዋርሶ እየገሰገሰ መጣ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላትም ነበር። ገበሬዎች ልጆቻቸውን ለጦርነቱ ካልላኩ የሚዋጋ ሰው አይኖርም። ገበሬዎቹ ደግሞ ለዘመናት ያስጨነቋቸውን ባላባቶች አያምኑም። ታዲያ ማንን ይሰማሉ? የራሳቸውን ሰው ነዋ! በጁላይ 24 ቀን 1920 ያ እንጨት ቆራጭ የነበረ ልጅ የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የተለያዩ ፓርቲዎች የተባበሩበት የአገር መከላከያ መንግሥት አቋቋመ። ለገበሬዎች ጥሪ አደረገ፤ ብዙዎችም ዘመቱ። በኦገስት ወር የፖላንድ ጦር ዋርሶ አጠገብ አሸነፈ። ከጦርነቱ በፊት የአገሪቱ መሪ ፒልሱድስኪ የሥልጣን መልቀቂያ ደብዳቤ ለቪቶስ ሰጥቶት ነበር። ቪቶስ ግን ሕዝቡና ወታደሩ እንዳይደናገጥ ብሎ ደብዳቤውን ደብቆ አስቀመጠው። እኔ ብሆን እንዲህ ያለ ምስጢር መያዝ የምችል አይመስለኝም። ይሄ ፒልሱድስኪ የሚባል ሰው ኋላ ላይ ስለሚመጣ ስሙን ያዙልኝ።

በመጋቢት 1921 ቪቶስ ጠቅላይ ሚኒስትር እያለ አዲሱ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቪቶስ አገር በሚመራበት ጊዜም የመንደሩ ሹምነት የእሱ ነበር። ከ1909 እስከ 1931 ከሃያ ዓመት በላይ ያንን ሥልጣን አልለቀቀም። ዋርሶ ላይ ከሚኒስትሮች ጋር ተሰብስቦ፣ መንደሩ ሲመለስ ደግሞ ስለ ቦይና ስለ መንገድ ያወራል። እርሻውንም አልተወም።

ነገር ግን ሁሉም ነገር የተሳካለት ሰው ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። በ1923 ሁለተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ኑሮ በጣም ተወደደ፤ ገንዘቡ ዋጋ አጣ። ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በኖቬምበር ወር ክራኮቭ ውስጥ በሠራተኞችና በወታደሮች መካከል ግጭት ተነስቶ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ። በሚቀጥለው ወር መንግሥቱ ወደቀ። ለገበሬዎች ቃል የተገባው የመሬት ክፍፍልም በጣም ዘገየ።

በሜይ 1926 ሦስተኛ ጊዜ ተሾመ። ይሄኛው የቆየው ለአራት ቀን ብቻ ነው። ያ ደብዳቤውን የደበቀለት ፒልሱድስኪ ወታደር ይዞ ዋርሶ ገባና መፈንቅለ መንግሥት አደረገ። በሦስት ቀን ውጊያ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ቪቶስና ፕሬዚዳንቱ አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ጦርነት እንዳትገባ ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ነው። ቪቶስ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ አምባገነንነትን ተቃወመ። በሴፕቴምበር 1930 ከሌሎች ተቃዋሚዎች ጋር ተይዞ ብሬስት በተባለ ምሽግ ውስጥ ታሰረ። ፍርድ ቤቱ አንድ ዓመት ተኩል እስራት ፈረደበት። እሱም በ1933 ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ተሰደደ። ገበሬዎቹ ግን አልረሱትም። በኦገስት 1937 በአገሪቱ ትልቅ አድማ አደረጉ፤ እህልና ወተት ወደ ከተማ አንወስድም አሉ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የተሰደዱት መሪዎች ይመለሱ የሚል ነበር። በዚያ አድማ ብዙ ገበሬዎች በፖሊስ ጥይት ሞቱ። ይሄን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ሰው ለመረጠው ሰው እስከ ሞት ድረስ የሚቆመው ያ ሰው ከእሱ ጋር ከቆመ ብቻ ይመስለኛል።

በ1939 ጀርመኖች ቼኮዝሎቫኪያን ሲይዙ ቪቶስ ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጀርመኖች ፖላንድንም ወረሩና አሰሩት። ከእነሱ ጋር የሚሠራ መንግሥት እንዲመራ ፈልገው ነበር። እሱ ግን ታሞና ደክሞ እያለም እምቢ አለ። ሥልጣን ሦስት ጊዜ የያዘ ሰው አራተኛውን እምቢ አለ ማለት ነው። እኔ ከሦስቱም ሹመቶቹ ይልቅ ይቺን እምቢታ አበልጣለሁ።

ቪቶስ በኦክቶበር 31 ቀን 1945 በ71 ዓመቱ ክራኮቭ ውስጥ አረፈ። የተቀበረው ግን በዚያው በተወለደበት መንደር ነው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ዋርሶ ውስጥም ሐውልት ቆሞለታል። በ2023 ደግሞ የፖላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን የድሮ ፍርድ ሽሮ ቪቶስንና ጓደኞቹን ነጻ አላቸው። ከሞተ ከ77 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዘግይቷል፣ ግን መጣ።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? እኔ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛ፣ ትንሽ ሥልጣን የሚባል ነገር የለም። መንደር ያስተዳደረ ሰው አገር ማስተዳደርን እዚያው ይለማመዳል። ስለዚህ የክፍል አለቆች፣ የንጽሕና ተጠሪዎች፣ የክበብ ጸሐፊዎች፣ ሥራችሁን አትናቁት! ሁለተኛ፣ ሰው ከፍ ሲል የመጣበትን ቤት መደበቅ የለበትም። ቪቶስ ከሚኒስትሮች ጋር በቦት ጫማው ተቀምጧል፤ ጫማው ላይ ያለው ደግሞ የመንደሩ አፈር ነው።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ድረስ ቸር ይግጠመን። መልካም ንባብ፣ መልካም ጥናት!