ሼኽ በክሪ ሳጳሎ፦ ለአፋቸው ቋንቋ ፊደል የቀረጹት ገጣሚ ዓሊም

ዛሬ አዳማ ላይ ከሱቅ በር እስከ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ አፋን ኦሮሞ ተጽፎ እናያለን። ለልጆቻችን ይህ ተራ ነገር ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ግን በዚህ ቋንቋ መጻፍ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ዋጋውን ከከፈሉት አንዱ የሐረርጌው ዓሊምና ገጣሚ ሼኽ በክሪ ሳጳሎ ናቸው።

የመጠሪያ ስማቸው አቡበከር፣ የአባታቸው ገራድ ዑስማን ነው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር። ሳጳሎ ለብዙ ዓመታት ደረሳ ያስቀሩበት መንደር ሲሆን፣ ሕዝቡ በመንደሩ ስም ጠራቸውና ስሙ በዚያው ጸና። በአካባቢው ዓሊሞች ዘንድ ከቀሩ በኋላ ዕድሜያቸውን በማስተማርና በመጻፍ አሳለፉ። በአፋን ኦሮሞ የገጠሙትን ግጥም ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር በቃሉ እየያዘ ከአገር አገር አደረሰው።

በቃል የተያዘ ግን ከያዘው ሰው ጋር ይሞታል። ሼኹ ግጥማቸውን ወረቀት ላይ ሲያሰፍሩ ፊደል ቸገራቸው። አፋን ኦሮሞ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም አጭርና ረጅም አላቸው። የዐረብኛ የአናባቢ ምልክት ሦስት ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ በዳ ሲላላ መጥፎ፣ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ሆኖ ሳለ፣ በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ስለዚህ በ1950ዎቹ ለቋንቋቸው የሚስማማ አዲስ ፊደል ራሳቸው ቀረጹ። ደረሶቻቸውና ወዳጆቻቸው ወዲያው ተማሩት፤ እርስ በርስም ደብዳቤ ይጻጻፉበት ጀመር። ይህን የሰሙ የጊዜው ባለሥልጣናት ደነገጡ። ፊደሉ ታገደ፤ ሼኹም በ1960ዎቹ አጋማሽ ድሬዳዋ ላይ የቁም እስረኛ ሆኑ። ብዕራቸውን ግን አላስቀመጡም። ሕዝባቸው የደረሰበትን በደል የዘረዘሩበትን ሻልዳ የተባለ ጽሑፍ በዚሁ ፊደል አዘጋጁ።

በ1978፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ የደርግን ግድያ ሸሽተው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። ሥራዎቻቸውን እዚያ የማሳተም ተስፋ ነበራቸው፤ አልተሳካም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1980 ታመው በስደተኞች መጠለያ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

ዛሬ የምናነበው ቁቤ በላቲን ፊደል ነው፤ የሼኹ ፊደል አይደለም። ቋንቋው በራሱ ድምፅ ልክ ይጻፍ የሚለው የሼኹ ምኞት ግን ተፈጽሟል።

ለእኛ የቀረልን አንድ ሥራ ነው። በየቤታችን ሣጥን፣ በየመስጂዱ መደርደሪያ አያቶቻችን በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የጻፏቸው የአጀሚ ግጥሞችና መንዙማዎች አሉ። አርጅተዋል ብለን አንጣላቸው። የሚያነቧቸው ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ልጆቻችንን አጠገባቸው እናስቀምጥ፤ እናስነብብ፤ እንገልብጥ። ሼኽ በክሪ ፊደል እስከ መቅረጽ የደከሙት ቃል እንዳይጠፋ ነበርና።