የኤሌና ፖሌኖቫ ቁም ሳጥን የማን ነበር?

ትንሽ ቁም ሳጥን ናት። ጎኗ ላይ የተጠረበ ዓምድ ቆሟል፤ ሰውነቷ በፍልፍል ጌጥ ተሞልቷል። እንዲህ ያለ የድሮ የሩሲያ ዕቃ ለጨረታ ሲወጣ ገዢዎች ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት ቀድሞ የማን እንደነበረ ነው። የዚህችኛዋ ባለቤት ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን መጀመሪያ የአንዲት ሴትን ሕይወት ማየት ያስፈልጋል።

ኤሌና ፖሌኖቫ በ1850 ሴንት ፒተርስበርግ ተወለደች (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። አባቷ የጥንት ታሪክ ተመራማሪ፣ እናቷ ሠዓሊ፣ ወንድሟ ቫሲሊ ደግሞ በኋላ ስሙ የገነነ ሠዓሊ ነው። እሷም ከልጅነቷ ሥዕል ተምራለች። ወጣት ሳለች ኪየቭ ውስጥ ከአንድ ሐኪም ጋር ተዋደደች፤ ቤተሰቧ ግን አልተቀበለውም። ከዚያ በኋላ ሳታገባ ኖረች። በ1880 የሸክላ ሥራ እንድትማር ፓሪስ ተላከች። ያኔ ለሩሲያዊት ሴት ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1882 ሞስኮ፣ ወንድሟ ጋ ገባች። ሕይወቷን የቀየረው ግን ከሞስኮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው አብራምፀቮ የተባለ የገጠር ርስት ነው። የባቡር ሐዲድ ባለሀብቱ ሳቫ ማሞንቶቭ በ1870 ገዝቶት ሠዓሊዎችን ይሰበስብበት ነበር። ሚስቱ ኤሊዛቬታ ደግሞ ለአካባቢው ገበሬዎች ልጆች ትምህርት ቤትና የአናጺነት ወርክሾፕ ከፈተች። ልጆቹ ሙያ ይዘው እዚያው መንደራቸው ሠርተው እንዲኖሩ ነበር ሐሳቧ።

ከ1885 ጀምሮ የወርክሾፑን ዲዛይን ኤሌና ያዘችው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመው። ከኤሊዛቬታ ጋር ሆነው መንደር ለመንደር እየዞሩ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። የጨው ሳጥን፣ የልብስ መውቂያ እንጨት፣ የሱፍ መፍተያ ሰሌዳ፣ የበረዶ ጋሪ ሳንቃ፣ ምኑ ቅጡ! የፋብሪካ ዕቃ ገበያውን እያጥለቀለቀ ስለነበር የእጅ ሥራው ሳይጠፋ ለመድረስ ይሯሯጡ ነበር። ከመጽሐፍ መቅዳት አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ከገበሬው ቤት በዓይናቸው ያዩትን ነው።

ኤሌና ያየችውን በደብተሯ ትስላለች። ከዚያ ከአንዱ ዕቃ ጌጡን፣ ከሌላው ቅርጹን ወስዳ ገበሬው ቤት ጨርሶ ያልነበረ ዕቃ ትፈጥራለች። ባለ ዓምዷ ቁም ሳጥን የተወለደችው እንዲህ ነው። ከ100 በላይ የቤት ዕቃ ነድፋለች፤ ልጆቹ ደግሞ ከአንዱ ንድፍ ደጋግመው ይሠራሉ። የተሠራው ሞስኮ ሄዶ ይሸጥና የከተማ ሰው ሳሎን ያስጌጣል።

እንግዲህ የማን ናት? ንድፉ የኤሌና ነው፤ ይሄ አያጠያይቅም። እንጨቱን የፈለፈለው ግን የገበሬ ልጅ ነው፤ ጌጡን መጀመሪያ ያሰበው ደግሞ የሆነ መንደር ውስጥ የኖረ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው። ገንዘብ ከፍሎ ቤቱ ያስገባት ሞስኮዊ ስለነዚህ ሰዎች ምን ያህል ያስብ ነበር? ብዙም አይመስለኝም። በኤሌና ግን አልፈርድም። እሷ ባትዞር ኖሮ ስንቱ ሳንቃ ለማገዶ ይውል ነበር።

በኋላ ወርክሾፑን ትታ ወደ ሥዕሏና ወደ ተረት መጻሕፍቷ አዘነበለች። በ1898፣ ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላት አረፈች። በዓመቱ ማሞንቶቭ በገንዘብ ጉዳይ ታሰረ፤ በ1900 ፍርድ ቤት ነጻ ቢለቀውም ሀብቱ አልተመለሰም። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ አብራምፀቮ የመንግሥት ሆኖ ሙዚየም ተደረገ።

ከወርክሾፑ የወጡት ዕቃዎች ብዙዎቹ በየቤቱ ተበትነዋል። አንዳንዶቹ ግን ዛሬም አብራምፀቮ አሉ። ኤሌናና ኤሊዛቬታ ከየመንደሩ የለቀሟቸው የገበሬ ዕቃዎችም ያሉት እዚያው ሙዚየም ውስጥ ነው።