ዊልሄልም ሺምፐርና የደጋው ድንች

አንድን ተክል ከተወለደበት ምድር አውጥቶ በባዕድ አየር ማጽደቅ በዘር ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። የአፈሩ ጠባይ፣ የቦታው ከፍታ፣ የሌሊቱ ብርድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቀባዩ ገበሬ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የጌዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር የሕይወት ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 በጀርመን አገር፣ በባቫርያ ግዛት፣ ላውፍ በተባለች ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በውትድርና ካገለገለ በኋላ በሙኒክ የተፈጥሮ ታሪክ አጠና። በኤስሊንገን ከተማ የተቋቋመና ዕፀዋት ሰብሳቢ መንገደኞችን ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ማኅበር መጀመሪያ ወደ አልጄርያ፣ ቀጥሎም ወደ ግብፅና ወደ ዐረብ አገር ላከው። በ1837 ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ አድዋ ገባ።

የመጣበት ጉዳይ የአገሩን ዕፀዋት እያደረቀ ወደ አውሮፓ መላክ ነበር። በሺሕ የሚቆጠሩ ናሙናዎቹ ዛሬም በታላላቅ የዕፀዋት ቤተ መዘክሮች ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ብዙ የኢትዮጵያ ተክሎችም በሳይንሳዊ መጠሪያቸው የእሱን ስም ይዘዋል። ሆኖም ሺምፐር ሰብስቦ የሚመለስ እንግዳ ሆኖ አልቀረም። የስሜንና የትግራይ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የእንትጮን ወረዳ እንዲያስተዳድር ሾሙት፤ እሱም የአገር ተወላጅ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ተቀመጠ። በ1855 ውቤ ደረስጌ ላይ ድል በሆኑ ጊዜ ግን ሹመቱ አብሮ ቀረ።

ድንችን በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር እንደ ሆነ የእርሻ ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። የድንች ጥንተ መሠረት የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ያለ ከፍተኛና ቀዝቃዛ አገር ስለ ሆነ ከእኛ ደጋ ጋር ብዙ የሚያመሳስለው ነገር አለ። ተክሉ ሥሩን በሚገባ የሚቋጥረው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ለዚህም ሁለት ጎረቤታሞች ምሳሌ ይሆናሉ፦ በመተከል ቆላ፣ እንደ ማንቡክ ባለው ሞቃት ስፍራ፣ ድንች ቅጠሉ ቢለመልም እንኳ ፍሬው ያንሳል፤ ወደ አዊ ደጋ ሲወጡ ግን ማሳው ሁሉ የእሱ ነው። ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥል፣ በረዶም አገዳውን ቢሰብር፣ አፈር ውስጥ ያለው ፍሬ ሊተርፍ ይችላል። ጤፍና ገብስ ይህ ዕድል የላቸውም።

ይህ ሁሉ ጥቅም እያለው ድንች ወዲያውኑ አልተስፋፋም። ገበሬው በእህል የኖረ ነው፤ የማያውቀውን ሥር አምኖ መሬቱን አሳልፎ አልሰጠም። ይህም ድንቁርና አልነበረም። ሺምፐር ድንቹን ካስገባበት ዘመን 13 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1845፣ ቅጠልና ሥር የሚያበሰብስ በሽታ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ፣ በዚያ ብቻ ይኖር የነበረውን ድኻ ሕዝብ በረኃብ ፈጅቶታል።

ሺምፐር የሥራውን ፍሬ ሳያይ ዘመኑ አለፈ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር በመቅደላ ከቆየ በኋላ፣ በ1868 ነፃ ወጥቶ ወደ አድዋ ተመለሰ፤ ስለ ትግራይ ምድርና ዕፀዋትም ያየውን በሰፊው ጻፈ። በ1878 በዚያው በአድዋ ዐረፈ።

እሱ ባረፈ በ10ኛው ዓመት ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረኃብ መጣ። ከ1888 እስከ 1892 ድረስ በከብት እልቂት በሬ ጠፋ፤ ማረሻ ሥራ ፈታ። በዶማ ተቆፍሮ የሚተከለውና በሦስትና በአራት ወር የሚደርሰው ድንች በደጋው መስፋፋት የያዘው በዚህ የረኃብ ዘመን ነው። ለሠላሳ ዓመት በጥርጣሬ የታየው እንግዳ ተክል የቤት ሰው ሆነ።

ሺምፐር ከኢትዮጵያ በሺሕ የሚቆጠር የደረቀ ተክል ልኳል፤ ለኢትዮጵያ ካመጣው ግን አንዱ ሕያው ተክል በለጠ። ምስጋናው ለብቻው አይደለም። ዘሩን በጓሮው ሞክሮ፣ የሚስማማውን መርጦ፣ ከዓመት ወደ ዓመት ያሻገረው ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ የሥራው ተካፋይ ነው። አዲስ ዘዴ ወይም አዲስ መሣሪያ ወደ ገጠር ይዞ የሚወጣ ባለሙያም ከዚህ ታሪክ የሚማረው አለው፦ ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማጽደቅ ግን የተቀባዩ ነው።