የኬክ ሊቅ ስለ ሆነው አንቶኒን ካሬም

አንቶኒን ካሬም የተወለደው በፓሪስ ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ነው። ልጆች የበዙበት አባቱ፣ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ገና ልጅ ሳለ ከመንገድ ላይ ተወው። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ተቀብሎ በወጥ ቤት አሠራው።

በኋላ ባዪ ከሚባለው ኬክ ሠሪ ዘንድ ሙያውን ተማረ። በሚፈቀድለት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እየሄደ የጥንት ሕንፃዎችን ሥዕል ይገለብጥ፣ የገለበጠውንም በስኳርና በሊጥ ይሠራው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1815 ስለ ኬክ አሠራር መጽሐፍ አሳተመ። በ1816 ወደ ለንደን ተሻግሮ ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ሠራ፤ በ1819 እስከ ፒተርስበርግ ደረሰ፤ በ1833 በፓሪስ ሞተ።

ካሬም በተካነበት ሙያ፣ ቅቤ የገባበት ሊጥ 6 ጊዜ እየተዳመጠ በሦስት ሲታጠፍ ቅቤው 729 ንብርብር ይሆናል። ቅቤው ከቀለጠ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ በባሮ ዳር ይህን ሊሞክር የሚወድ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ከንጋት በፊት ይነሣ።

ከመካከላችን ከወላጅ ርቀው የሚማሩ አሉ። ካሬም ወላጅ የተወው፣ ወጥ ቤት ያሳደገው ልጅ ነበር። እኛ አስተማሪና መጻሕፍት እያሉን ጊዜያችንን በከንቱ ብናሳልፍ ምን ምክንያት እናቀርባለን?